የቤት ኤሲ ሲያስቸግር፦ በራስ መፈተሽ፣ ባለሙያ መጥራት ወይስ መቀየር?

የቤት አየር ማቀዝቀዣ፣ በተለምዶ ኤሲ የምንለው መሣሪያ፣ በደንብ አላቀዘቅዝ ሲል የባለቤቱ ምርጫ ብዙውን ጊዜ ወደ ሁለት ጽንፎች ያዘነብላል። አንዱ ምንም ሳይመለከቱ ባለሙያ ጠርቶ፣ በውሃ ታጥቦ ለሚስተካከል ማጣሪያ የሙሉ ጥገና ክፍያ መክፈል ነው። ሌላው ገንዘብ ለመቆጠብ ሲባል በብሎን የታሰረውን ሽፋን ፈትቶ፣ ኤሌክትሪክና ግፊት ያለው ጋዝ ባለበት ቦታ እጅ ማስገባት ነው። የመጀመሪያው ኪስ ይጎዳል፤ ሁለተኛው ሕይወት ሊያሳጣ ይችላል። በሁለቱ መካከል ግን ማንኛውም ጥንቁቅ ሰው ሊሠራው የሚችል ብዙ ነገር አለ፤ ይህ መመሪያም ለየችግሩ የትኛው መንገድ እንደሚሻል ያነጻጽራል። በዋናነት የሚመለከተው ግድግዳ ላይ የሚሰቀለውን፣ የውስጥና የውጭ አካል ያለውን ስፕሊት ኤሲ ነው፤ አብዛኛው ነገር ግን በመስኮት ላይ ለሚገጠመውም ይሠራል።

ወሰኑ የት ላይ ነው?

ኤሲ ቅዝቃዜን አይፈጥርም፤ በቤት ውስጥ ያለውን ሙቀት ወስዶ ወደ ውጭ ያስወጣል። በውስጡ አካል ኢቫፖሬተር በሚባለው የቱቦ ጥቅል ውስጥ የሚዘዋወረው ፈሳሽ ከቤቱ አየር ሙቀት ተቀብሎ ወደ ጋዝነት ይለወጣል፤ በውጭ ያለው ኮምፕረሰር ይህን ጋዝ ጨምቆ እዚያው ውጭ ወዳለው፣ ኮንደንሰር ወደሚባለው ሌላ የቱቦ ጥቅል ሲልከው ሙቀቱን ለውጭው አየር አስረክቦ ተመልሶ ፈሳሽ ይሆናል፤ ከዚያም በጠባብ መተላለፊያ ሲያልፍ ግፊቱ ወርዶ ይቀዘቅዝና ወደ ውስጥ ይመለሳል። ዑደቱ ዙሪያውን የተዘጋ ነው። ሥራው የሚሳካው ደግሞ በሁለቱም የቱቦ ጥቅሎች ላይ በቂ አየር ሲነፍስ ብቻ በመሆኑ፣ ከብልሽቶቹ ብዙዎቹ የሚጀምሩት ከተዘጋ የአየር መተላለፊያ ነው።

ወሰኑም ከዚህ አሠራር ይመነጫል። በሪሞት ከሚመረጠው አሠራርና ሙቀት፣ ከአየር መተላለፊያና ከውሃ መውረጃ ጋር የተያያዘው ሁሉ በባለቤቱ ሊፈተሽ፣ አብዛኛውን ጊዜም ሊስተካከል ይችላል። ከሽፋኑ በስተጀርባ ያሉት የኤሌክትሪክ ክፍሎችና ጋዙ የሚዘዋወርበት ቱቦ ግን የባለሙያ ናቸው። ይህ የድፍረት ወይም የእጅ ሙያ ጉዳይ ብቻ አይደለም። በውጭው አካል ውስጥ ያለው ካፓሲተር ኃይሉ ከተቋረጠ በኋላም ኤሌክትሪክ አከማችቶ ሊቆይ ስለሚችል፣ ብሬከሩን ማውረድ ብቻውን ዋስትና አይሆንም። ጋዙ በፈሳሽ መልኩ ቆዳ ላይ ቢያርፍ በቅዝቃዜው ያቆስላል፤ በብዙ አዳዲስ መሣሪያዎች የሚገኘው አር-32 የተባለው ጋዝ በመጠኑ፣ አር-290 ተብሎ የሚታወቀው ፕሮፔን ደግሞ በቀላሉ ተቀጣጣይ ናቸው።

ጨርሶ አልነሳ ሲል

ምንም ምልክት የማያሳይ ኤሲ ብዙ ጊዜ ያልተበላሸ ኤሲ ነው። በቅድሚያ የሚፈተሸው ሪሞቱ ነው፤ ባትሪው ሲደክም ስክሪኑ እየበራም እንኳ ትእዛዝ መላክ ሊያቅተው ይችላል። የሪሞቱን ጫፍ ወደ ስልክዎ ካሜራ አዙረው ቁልፍ ሲጫኑ በስልኩ ስክሪን ላይ ነጭ ወይም ሐምራዊ ብልጭታ ከታየ ሪሞቱ ይሠራል፤ አንዳንድ ካሜራዎች ይህን ብርሃን ስለሚያጣሩት በፊትም በኋላም ካሜራ መሞከር ተገቢ ነው። በብዙ ስፕሊት ኤሲዎች የፊት ክዳኑ ሲነሳ ከሥሩ ትንሽ የማስነሻ ቁልፍ ይገኛል። መሣሪያው በዚህ ቁልፍ ተነሥቶ ካቀዘቀዘ የሚያስፈልገው አዲስ ሪሞት እንጂ ጥገና አይደለም።

ነፋስ እየሰጠ ቅዝቃዜ ከሌለው ደግሞ በሪሞቱ የተመረጠውን አሠራር ይመልከቱ። የበረዶ ቅንጣት ምልክት ማቀዝቀዣ፣ የፀሐይ ምልክት ማሞቂያ፣ የውሃ ጠብታ ምልክት እርጥበት መቀነሻ፣ የማራገቢያ ምልክት ደግሞ ነፋስ ብቻ ማለት ነው። የተሞላው ሙቀት ከቤቱ ሙቀት በታች መሆኑንና የሰዓት መቆጣጠሪያው አለመያዙን ካረጋገጡ በኋላ ጥቂት ይታገሡ፤ ኮምፕረሰሩ ከቆመ በኋላ ወዲያው እንዳይነሳ 3 ደቂቃ ያህል የሚያዘገየው መከላከያ ስላለ፣ በዚያ መካከል ደጋግሞ ማጥፋትና ማብራት መጠበቁን ከማራዘም በቀር አይጠቅምም።

ብሬከሩ ወርዶ ከተገኘ እስከ መጨረሻው ወደ ታች ገፍተው አንድ ጊዜ ብቻ ይመልሱት። እንደገና ከወረደ ሌላ ሙከራ አያድርጉ፤ በተለይ ብሬከሩን በትልቅ አቅም ብሬከር ለመተካት አያስቡ፤ ብሬከሩ የሚጠብቀው የግድግዳውን ሽቦ ስለሆነ፣ ትልቁ ብሬከር ሳይወርድ ሽቦው ሊነድ ይችላል። እዚህ ላይ የሚነሣው ምርጫ ማንን እንጥራ የሚለው ነው። የኤሲው ሶኬት ተነቅሎ ብሬከሩ ጸንቶ ከቆየና ሲሰካ ብቻ ከወረደ ጉዳዩ የኤሲ ባለሙያ ነው። ሶኬቱ የሚግል፣ የጠቆረ ወይም የፕላስቲክ ቃጠሎ የሚሸት ከሆነ፣ ወይም ኤሲው ተነቅሎም ብሬከሩ የሚወርድ ከሆነ ግን የሚጠራው የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነው። ቀጭን የማራዘሚያ ገመድ ላይ የተሰካ ኤሲ ካለ ለማንም ሳይደወል ወዲያውኑ ይነቀል።

የኤሌክትሪክ ኃይል በሚዋዥቅበት ቤት ኮምፕረሰሩ ሲያጉረመርምና ሳይነሳ ሲቀር፣ በዚያው ቅጽበት አምፖሎች ሲደበዝዙ ይስተዋላል። ዘወትር በአንድ ፍጥነት የሚሽከረከር ኮምፕረሰር ሲነሳ ከመደበኛው ብዙ እጥፍ ኃይል ስለሚስብ ለዚህ ይበልጥ ተጋላጭ ነው፤ ኢንቨርተር፣ ማለትም የኮምፕረሰሩን ፍጥነት የሚለዋውጥ መቆጣጠሪያ፣ ያለው ኤሲ ቀስ ብሎ ስለሚነሳ ችግሩ ይቀልለታል። ሁለት መፍትሔዎች አሉ፤ የቮልቴጅ መከላከያ ኃይሉ ከልክ ሲወጣ መስመሩን ያቋርጣል እንጂ አያስተካክልም፤ ስታብላይዘር ደግሞ የወረደውን ከፍ፣ የወጣውን ዝቅ ያደርጋል። መዋዠቁ አልፎ አልፎ ከሆነ መከላከያው ይበቃል፤ ኃይሉ ዘወትር ዝቅተኛ ከሆነ ግን የኤሲውን የመነሻ ኃይል የሚችል ስታብላይዘር ያስፈልጋል።

ይሠራል፣ ግን በደንብ አያቀዘቅዝም

የብዙ ሰው ቅሬታ ይህ ስለሆነ በሰፊው መመልከት ይገባል። መነሻው ማጣሪያው ነው። የፊት ክዳኑን አንሥተው ማጣሪያውን ያውጡና ወደ ብርሃን ያዙት፤ ብርሃን በደንብ ካላሳለፈ አየርም አያሳልፍም። ለብ ባለ ውሃ ካጠቡት በኋላ በጥላ ሥር ያድርቁት፤ የፀሐይ ወይም የእሳት ሙቀት ፕላስቲኩን ያጣምመዋል፣ እርጥብ ሆኖ መመለሱ ደግሞ ሻጋታ ይጋብዛል። ኤሲው በየቀኑ የሚሠራ ከሆነ ማጣሪያውን በየሁለት ሳምንቱ መመልከት መልካም ነው። ከዋናው ማጣሪያ ጋር የሚገጠሙ ትንንሽ የካርቦን ማጣሪያዎች ግን ብዙውን ጊዜ የሚቀየሩ እንጂ የሚታጠቡ አይደሉም።

ቀጥሎ ወደ ውጭው አካል ይሂዱ። ማራገቢያው ይዞራል? ከሚወጣበት የሚነፍሰው አየር ከአካባቢው አየር ይሞቃል? ሁለቱም አዎ ከሆኑ መሣሪያው ሙቀት እያስወጣ ነው ማለት ነው። ከጀርባው ያሉት ስስ የአሉሚኒየም ቅጠሎች በአቧራ፣ በላባ ወይም በደረቅ ሣር ከተሸፈኑ ብሬከሩን አውርደው ለስለስ ባለ የውሃ ጎማ ማጠብ ይቻላል፤ በከፍተኛ ግፊት የሚረጭ ማጠቢያ ግን ቅጠሎቹን አጣምሞ መተላለፊያውን ይዘጋል፣ ስለዚህ አይጠቀሙበት። በዙሪያው የተደረደረ ዕቃም ይነሣ። ማራገቢያው ሳይዞር እምም የሚል ድምፅ ብቻ ከተሰማ ካፓሲተሩ ወይም ሞተሩ ተበላሽቷል፤ በእንጨት ገፍቶ ማስነሣት የሚባለው ዘዴ አደገኛ ስለሆነ ኤሲውን አጥፍቶ ባለሙያ መጥራት ብቻ ነው አማራጩ።

ከዚህ በኋላ በግምት ከመናገር መለካት ይሻላል። ኤሲውን በማቀዝቀዣ ላይ አድርገው ዝቅተኛውን ሙቀት ከሞሉ በኋላ 15 ደቂቃ ያህል ይጠብቁ፤ ከዚያ በአንድ ተራ ቴርሞሜትር ከላይ የሚገባውን አየርና ከታች የሚወጣውን አየር ሙቀት ይለኩ። ልዩነቱ ከ8 እስከ 12 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ከሆነ መሣሪያው ሥራውን እየሠራ ነው። በጣም እርጥብ በሆነ አየር ኃይሉ ውሃ በማውጣት ላይ ስለሚውል ልዩነቱ ሊያንስ ይችላል። ልዩነቱ ደህና ሆኖ ቤቱ ካልቀዘቀዘ ጥፋቱ ያለው በኤሲው ሳይሆን በቤቱ ነው፦ ያልተጋረደ መስኮት፣ ክፍት በር፣ ወይም ከመሣሪያው አቅም በላይ የሆነ ስፋት። 12,000 ቢቲዩ (የማቀዝቀዝ አቅም መለኪያ) የተባለ ኤሲ የሚያወጣው ሙቀት 3.5 ኪሎዋት ገደማ ነው፤ ከዚያ በላይ ሙቀት የሚገባበትን ክፍል ማንኛውም ጥገና አያቀዘቅዘውም። ልዩነቱ 3 ወይም 4 ዲግሪ ብቻ ሆኖ ማጣሪያውም ንጹሕ፣ የውጩም አካል ንጹሕ ከሆነ ግን የባለቤቱ ድርሻ እዚህ ላይ ያበቃል።

በውስጡ አካል ላይ በረዶ ከተጋገረ ማቀዝቀዣውን ያጥፉና ነፋሱን ብቻ ለጥቂት ሰዓታት ያሠሩት፤ ከሥሩም ውሃ መቀበያ ያስቀምጡ። በረዶውን በቢላዋ ወይም በሹል ነገር ለመፈንቀል መሞከር ቱቦውን ስለሚበሳ፣ ነጻ የነበረውን ጥገና ውድ ያደርገዋል። በረዶው ከቀለጠ፣ ማጣሪያውም ከታጠበ በኋላ መሣሪያው በደንብ ከሠራ ችግሩ የአየር ማነስ ነበር። በረዶው ከተመለሰ ደግሞ ጋዙ አንሷል፣ የውስጡ ማራገቢያ ደክሟል ወይም ኢቫፖሬተሩ ራሱ በቆሻሻ ተሸፍኗል፤ ሦስቱም ባለሙያ ይፈልጋሉ።

ጋዝ መሙላት ወይስ ፍሳሹን መጠገን?

ኤሲ ማቀዝቀዝ ሲያንሰው መጀመሪያ የሚሰማው ቃል «ጋዙ አልቋል» የሚል ነው። ከዚህ መመሪያ አንድ ነገር ብቻ የሚያዝ ቢሆን ይህ እንዲሆን እመኛለሁ፦ የኤሲ ጋዝ አያልቅም። ነዳጅ አይደለምና አይቃጠልም፤ በተዘጋው ዑደት ውስጥ ለዓመታት ይመላለሳል። ካነሰ የሆነ ቦታ ቀዳዳ አለ ማለት ነው። ስለዚህ በየዓመቱ ጋዝ የሚሞላለት ኤሲ እየተጠገነ አይደለም፤ ባለቤቱ ስለ አንድ ፍሳሽ ደጋግሞ እየከፈለ ነው።

ሁለቱን አማራጮች ጎን ለጎን ስናያቸው፣ ጋዝ መሙላት ብቻውን በዕለቱ ርካሽና ፈጣን ነው፤ ባለሙያው በአጭር ጊዜ ጨርሶ ይሄዳል፣ ቤቱም ያንኑ ቀን ይቀዘቅዛል። ነገር ግን ቀዳዳው እንዳለ ስለሆነ ጋዙ እንደገና ያንሳል። ኮምፕረሰሩ የሚቀዘቅዘው ወደ እርሱ በሚመለሰው ጋዝ በመሆኑ፣ ባነሰ ጋዝ ለወራት ሲሠራ ይግላል፣ በመጨረሻም ይቃጠላል። ፍሳሹን መጠገን ደግሞ በመጀመሪያው ቀን ይበልጥ ያስከፍላል፤ ባለሙያው ቀዳዳውን ፈልጎ ያገኛል፣ ቀሪውን ጋዝ በመሰብሰቢያ ይይዛል፣ መገጣጠሚያውን ያድሳል ወይም ይበይዳል፣ በናይትሮጅን ግፊት ይፈትሻል፣ በቫኪዩም ፓምፕ አየርና እርጥበትን ያወጣል፣ በመጨረሻም በመሣሪያው ሰሌዳ ላይ የተጻፈውን ያህል ግራም በሚዛን ይሞላል። ይህን ሁሉ የሚሠራና ለመሥራት ጊዜ የሚጠይቅ ባለሙያ ክፍያው ይገባዋል። በተቃራኒው የግፊት መለኪያውን ብቻ አይቶ «ትንሽ ልጨምርበት» የሚለውን መጠርጠር ይገባል፤ ከልክ ያለፈ ጋዝም እንዳነሰው ጋዝ መሣሪያውን ይጎዳል።

ባለሙያ ከመምጣቱ በፊት ሁለት ነገሮችን በዓይን ማየት ይቻላል። የኮምፕረሰሩ ዘይት ከጋዙ ጋር ስለሚዘዋወር፣ ጋዝ በሚያመልጥበት መገጣጠሚያ ላይ አቧራ የያዘ የዘይት ቅባት ይታያል፤ ፍሳሹ ብዙ ጊዜ የሚገኘውም ሲገጠም በተጠበቀው የመዳብ ቱቦና የነሐስ ዳዶ መጋጠሚያ ላይ ነው። ሁለተኛው፣ በአብዛኞቹ ስፕሊት ኤሲዎች ወደ ውጭው አካል ከሚገቡት ሁለት ቱቦዎች ቀጭኑ በረዶ ከያዘ የጋዝ ማነስ ምልክት ነው። ማየት እንጂ ብሎኑን ለማጥበቅ መሞከር አያስፈልግም።

የጋዙ ዓይነትም በምርጫው ላይ ይመዝናል። አር-22 የኦዞን ንጣፍን ስለሚጎዳ በ1987 እ.ኤ.አ. የተፈረመው የሞንትሪያል ፕሮቶኮል ከአገልግሎት እንዲወጣ አድርጎታል፤ ያደጉ አገሮች አቅርቦቱን በ2020 በአብዛኛው ያቆሙ ሲሆን ለታዳጊ አገሮች የተቀመጠው ዓመት 2030 ነው። እርሱን የተካው አር-410ኤ ኦዞንን ባይጎዳም፣ በ100 ዓመት ስሌት ከተመሳሳይ ክብደት ካርቦን ዳይኦክሳይድ ወደ 2,000 እጥፍ ገደማ ሙቀት የማመቅ ኃይል አለው፤ በ2016 የተፈረመው የኪጋሊ ማሻሻያ እንዲህ ያሉትን ጋዞች ለመቀነስ የወጣ ነው። ለባለቤቱ የሚጠቅመው ነጥብ ግን ይህ ነው፦ የአንዱ ጋዝ መሣሪያ ሌላ አይሞላበትም። የአር-410ኤ ግፊት ከአር-22 እጅግ የሚበልጥ ሲሆን ዘይታቸውም የተለያየ ነው። «ያው ነው» የሚል ሰው ከመጣ በትሕትና መሸኘት ይሻላል።

ውሃ ሲያንጠባጥብ፣ ሲጮህ፣ ሲሸት

ከውጭ በቱቦ የሚወርደው ውሃ የጤና ምልክት ነው፤ ችግር የሚሆነው ከውስጡ አካል ግድግዳ ላይ ሲወርድ ነው። ምክንያቱ በአብዛኛው በአተላና በአልጌ የተዘጋ የውሃ መውረጃ ስለሆነ፣ በራስ መሥራት የሚያዋጣው ሥራ ይህ ነው። የቱቦውን የውጭ ጫፍ ይመልከቱ፤ ታጥፎ ወይም በባልዲ ውሃ ውስጥ ተነክሮ ከሆነ ያስተካክሉት፣ ከተዘጋ ደግሞ እርጥብ ነገር በሚስብ ቫኪዩም ማጽጃ ከውጭ በኩል ይሳቡት። በኃይል ወደ ውስጥ መንፋት ግን ቆሻሻውን ወደ መሣሪያው ሊመልሰው ወይም መጋጠሚያውን ሊያላቅቀው ይችላል። ቱቦው ንጹሕ ሆኖም ካንጠባጠበ የውስጡ አካል ዘሞ ተሰቅሎ ወይም የመውረጃው ቁልቁለት ጠፍቶ ሊሆን ይችላል፤ ያ የገጣሚው ሥራ ነው። ውሃው ሶኬት ወይም ሽቦ አጠገብ ከደረሰ ከሁሉም በፊት ብሬከሩ ይውረድ።

ሲጠፋና ሲነሳ የሚሰማ የፕላስቲክ ጠቅታ፣ ከጠፋ በኋላም የሚቆይ የፈሳሽ ኩልኩልታ ጤናማ ናቸው። የሚንቀጫቀጭ ሽፋን በመጫን ወይም የውጭ ብሎኑን በማጥበቅ ይስተካከላል። ብረት ለብረት የሚፋቅ ድምፅ ወይም የማያቋርጥ የፉጨት ድምፅ ሲሰማ ግን ሳይዘገዩ ባለሙያ መጥራት ይገባል። ሽታንም እንዲሁ መለየት ይገባል፤ የሻጋታ ሽታ የኢቫፖሬተርና የውሃ መቀበያ እጥበት ይፈልጋል፣ የቆሻሻ ውሃ ሽታ የውሃ መውረጃው ከቤቱ የቆሻሻ ውሃ መስመር ጋር ያለ ወጥመድ (ውሃ ይዞ ሽታ የሚያግድ የቱቦ መታጠፊያ) መገናኘቱን ሊያመለክት ይችላል፣ የቃጠሎ ሽታ ሲመጣ ግን ማጥፋት እንጂ መመርመር የለም።

መጠገን ወይስ መቀየር?

የኤሲ ዕድሜ እንደ አያያዙ ከ10 እስከ 15 ዓመት ገደማ ነው። ከ5 ዓመት በታች በሆነ መሣሪያ ላይ ካፓሲተር፣ የማራገቢያ ሞተር፣ የሙቀት መለኪያ ሴንሰር ወይም መገጣጠሚያ ቢበላሽ መጠገን ያለ ጥርጥር ያዋጣል። ብዙ አምራቾች ለኮምፕረሰር ከሌላው አካል የረዘመ ዋስትና ስለሚሰጡ፣ ባለሙያ ከመጥራት በፊት የዋስትና ወረቀቱን ማንበብ ያስፈልጋል፤ ሌላ ሰው ከከፈተው ዋስትናው ሊፈርስ ይችላል። በአር-22 የሚሠራ፣ ከ10 ዓመት በላይ ያገለገለና ኮምፕረሰሩ የተቃጠለ ኤሲ ግን መቀየር አለበት ብዬ አምናለሁ፤ ውድ ኮምፕረሰር ገጥሞ ባረጀ ቱቦና በሚጠፋ ጋዝ ላይ መተማመን አይገባም። ከባዱ ምርጫ በመካከል ያለው ነው፤ 8 ዓመት የሆነው መሣሪያ የኤሌክትሮኒክስ ካርዱ ወይም ኢቫፖሬተሩ ሲበላሽ። እንዲህ ባለ ጊዜ የጥገናው ዋጋ ከአዲሱ ዋጋ ግማሽ ካለፈ መቀየሩን እመርጣለሁ፤ በተለይ ኤሲው በቀን ለብዙ ሰዓት የሚሠራ ከሆነ፣ አዲሱ ኢንቨርተር በኤሌክትሪክ ፍጆታ የሚያተርፈው ከፊሉን ይመልሳል። በዓመት ጥቂት ሳምንት ብቻ ለሚሠራ ኤሲ ግን ይህ ክርክር ደካማ ነው፤ ያለውን መጠገን ይበቃል።

ባለሙያ ለመጥራት ከተወሰነ

ከመደወል በፊት የውስጥና የውጭ አካላቱን ሰሌዳ ፎቶ ያንሱ፤ ሞዴሉ፣ የጋዙ ዓይነትና መጠን እዚያ ላይ ተጽፈዋል። በስክሪኑ ላይ የታየውን የብልሽት ኮድ ወይም የመብራቱን የብልጭታ ብዛት ይጻፉ፤ ኃይሉን ካቋረጡ ሊጠፋ ስለሚችል ይህ ከሁሉ ይቀድማል። ያጸዱትን፣ የለኩትንና ያዩትን ይንገሩ፤ «ጋዝ ሙላልኝ» ብለው ግን አይጀምሩ፤ እንዲህ የተጠራ ሰው ጋዝ ሞልቶ ይሄዳልና። ሥራው ሲያልቅ የተቀየረውን ዕቃ ይጠይቁ፤ ጋዝ ከተሞላም ስንት ግራም እንደገባ፣ ፍሳሹ የት እንደተገኘና ቀኑን በወረቀት አስጽፈው በውስጡ አካል ክዳን ሥር ይለጥፉት፤ ችግሩ ከተመለሰ ቀጣዩ ባለሙያ ፍለጋውን ከየት እንደሚጀምር ከዚያ ያገኛል።